በኖርዘርን ቨርጂኒያ የፍርድ ቤት ጥበቃ ዴፒዩቲ ለመሆን፦ ከሰነድ ዝግጅት እስከ ችሎት

አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን ወይም ፌርፋክስ ፍርድ ቤት ለትራፊክ ቅጣትም ሆነ ለቤተሰብ ጉዳይ የሄደ ሰው፣ በሩ ላይ የሚፈትሹትንና ችሎት ውስጥ የሚቆሙትን ባለዩኒፎርሞች፣ ማለትም ዴፒዩቲ የሚባሉትን የሸሪፍ ቢሮ መኮንኖች አይቶ «እዚህ ሥራ እንዴት ነው የሚገባው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ ሴኪዩሪቲና ኡበር ላይ ያላችሁ ወገኖች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁን መልሱን በቅደም ተከተል ጽፈነዋል። ሰው የሚፈራው ሩጫውንና ተኩሱን ቢሆንም፣ ብዙ ማመልከቻ ተመላሽ የሚሆነው በወረቀት ምክንያት ነው። ስለዚህ ሰነድና የግል ታሪክ የሚመለከቱትን ደረጃዎች ረዘም አድርገናቸዋል፤ እነሱን ሳትዘሉ አንብቡ።

ደረጃ 1፦ የትኛውን በር እንደምታንኳኩ ለዩ

በቨርጂኒያ የክልሉን ፍርድ ቤቶች የሚጠብቀው የሸሪፍ ቢሮ ነው። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ፖሊስና ሸሪፍ ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። መንገድ ላይ የሚዘዋወረውና ወንጀል የሚመረምረው ፖሊስ ሲሆን፣ እስር ቤቱን፣ ፍርድ ቤቱንና የመጥሪያ ማድረሱን ሥራ የያዘው ሸሪፍ ነው። ላውደን ካውንቲ ላይ ግን ሸሪፉ የፓትሮሉንም ሥራ ይሠራል። ይህን ሳይለዩ ለፖሊስ አመልክተው «ፍርድ ቤት መድቡኝ» የሚሉ አሉ፤ ፖሊስ ደግሞ የፍርድ ቤት ምድብ የለውም።

የፌዴራል ፍርድ ቤት ሌላ ነው። አሌክሳንድሪያ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በር ላይ የምታዩዋቸው ባለ ሰማያዊ ኮት ጠባቂዎች በዩኤስ ማርሻል አገልግሎት ሥር፣ በኮንትራክተር ኩባንያ በኩል የሚቀጠሩ ናቸው። ለዚያ ሥራ የማሰር ሥልጣን ባለው የሕግ አስከባሪ ሥራ ላይ ያገለገለ ሰው ይፈለጋል። ከዚህ በፊት ዴፒዩቲ ወይም ፖሊስ ሆኖ ለማያውቅ ሰው መነሻው ሸሪፍ ነው፤ የፌዴራሉ በኋላ ይደረስበታል። ዴፒዩቲ ዩኤስ ማርሻል መሆን የምትፈልጉ ደግሞ ዕድሜያችሁን አስሉ፦ ቢያንስ 21 ዓመት መሙላት፣ 37ኛ ዓመት ልደት ከመድረሱ በፊትም መቀጠር ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ መነሻ መስፈርቱን አረጋግጡ

በቨርጂኒያ ሕግ ዴፒዩቲ ሸሪፍ ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት፣ ቢያንስ 18 ዓመት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም ጂኢዲ (የሁለተኛ ደረጃ አቻ ፈተና)፣ መንዳት ለሚጠይቅ ምድብ የጸና መንጃ ፈቃድ፣ የጣት አሻራ ምርመራ፣ የሐኪም ምርመራና ከዕፅ ነጻ የሆነ ውጤት ያስፈልጋል። ፌሎኒ በሚባለው ከባድ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ አይቀጠርም። ቢሮዎቹ ከሕጉ በላይ የራሳቸውን መስፈርት ስለሚጨምሩ፣ አንዳንዱ 21 ዓመት ስለሚጠይቅ፣ የቢሮውን ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ጊዜውን በከንቱ አታሳልፉ። የቨርጂኒያን የሴኪዩሪቲ ፈቃድ አውጥታችሁ በጥበቃ ሥራ ላይ ብትቆዩ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ በር ላይ መፈተሽና የተቆጣን ሰው ማረጋጋት ትለምዳላችሁ። የዜግነት ማመልከቻው ግሪን ካርድ ከያዛችሁ 5 ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ሊገባ ይችላል።

አንድ ነገር በጥብቅ እንናገር። በቤተሰብ ውስጥ ጠብ ተነስቶ ፖሊስ ተጠርቶ የተከሰሰ ሰው፣ «ቀላል ነው፣ ቅጣቱን ከፍዬ ልገላገል» ብሎ ጥፋተኛ ነኝ ቢል፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይከለከላል። መሣሪያ መያዝ የማይችል ሰው ደግሞ ዴፒዩቲ አይሆንም። ክሱ ሚስዲሚነር፣ ማለትም ከፌሎኒ የቀለለ ወንጀል ቢሆንም ክልከላው ያው ነው። ጠበቃ ሳታማክሩ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ምንም አትፈርሙ።

ደረጃ 3፦ ሰነዶቹን አንድ ማኅደር ውስጥ ሰብስቡ

ከማመልከታችሁ ሁለት ወር በፊት ጀምሩ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ወረቀት ጊዜ ይወስዳል።

- የዜግነት ሰርተፊኬት ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት
- የልደት ካርድ ከነትርጉሙ
- የሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድና መንጃ ፈቃድ
- ከኖራችሁበት ስቴት ሁሉ የተወሰደ የመንጃ ታሪክ
- የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬት፣ አሜሪካ ውስጥ ተገምግሞ አቻነቱ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር
- የጋብቻና የፍቺ ወረቀት
- የ10 ዓመት አድራሻ ዝርዝር፣ ከገባችሁበትና ከወጣችሁበት ወር ጋር
- የ10 ዓመት ሥራ ዝርዝር፣ ከአለቃ ስምና ስልክ ጋር
- ለእያንዳንዱ የትራፊክም ሆነ ሌላ ክስ የፍርድ ቤት የውሳኔ ወረቀት
- የክሬዲት ሪፖርት ከሦስቱም ድርጅቶች፣ ማለትም ከኤኪውፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን
- የታክስ ትራንስክሪፕት ከአይ አር ኤስ
- ለወንዶች የሰለክቲቭ ሰርቪስ (የውትድርና ጥሪ ምዝገባ) ማረጋገጫ
- ዘመድ ያልሆኑ ከ3 እስከ 5 ምስክሮች

የትምህርት ማስረጃችሁ ከጠፋ ወይም ትምህርት ቤቱ መልስ ካልሰጠ፣ ስድስት ወር ከመጠበቅ ጂኢዲ ተፈተኑ። አራት ፈተና ነው፤ የእያንዳንዱ ማለፊያ 145 ነጥብ ነው።

ሰለክቲቭ ሰርቪስን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ አሜሪካ የገባ ወንድ፣ ግሪን ካርድ ይዞም ቢሆን፣ በገባ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። 26 ከሞላ በኋላ መመዝገብ አይቻልም። ያልተመዘገባችሁ ካላችሁ ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ የሁኔታ ማብራሪያ ደብዳቤ ጠይቁና፣ ለምን እንዳልተመዘገባችሁ በእውነት ጽፋችሁ አያይዙ። 26 ከሞላችሁ በኋላ የገባችሁ ከሆነ የገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ስማችሁንና ቀኖቻችሁን አስታርቁ

ታሪካችሁን የሚያጣራው የቢሮው መርማሪ ሥራው ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነት መፈለግ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሳያውቀው በልዩነት የተሞላ ወረቀት ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ ስም። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገባል፣ ሌላው ላይ መካከለኛ ሆኖ የአያት ስም መጨረሻ ይሆናል። የፊደሉ አጻጻፍም ይለያያል። ፀሐይ የሚለው ስም ፓስፖርት ላይ በቲና በኤስ ተጽፎ፣ የትምህርት ሰርተፊኬት ላይ በቲ ብቻ ቢጻፍ፣ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ነው። ማመልከቻው ላይ «የተጠቀማችሁባቸው ሌሎች ስሞች» የሚል ቦታ አለ፤ ሁሉንም የአጻጻፍ ዓይነት እዚያ ዘርዝሩ። ባዶ መተው መደበቅ ይመስላል።

ቀጥሎ ቀን። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ ባለው ጊዜ በእኛና በእነሱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ሲሆን፣ ከፈረንጆች ጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ 8 ዓመት ነው። ለምሳሌ ሰኔ 2002 ላይ ትምህርት ጨርሶ ጥቅምት 2003 ሥራ የጀመረ ሰው አለ እንበል። ሰኔ 2002 በእነሱ ጁን 2010 ነው፤ ጥቅምት 2003 ደግሞ ኦክቶበር 2010። በመካከሉ አራት ወር ነው። ይህ ሰው በሁለቱም ላይ 8 ቢደምር ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 2011 ይሆናል። በወረቀቱ ላይ የአንድ ዓመት ባዶ ጊዜ ይፈጠራል፤ የአሠሪው ደብዳቤ ደግሞ ሌላ ይላል። መርማሪው «በዚያ ዓመት የት ነበርክ?» ሲል የሚመልሰው ያጣል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ክስተቱ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ማስረጃው።
2. ትምህርት፣ ሥራ፣ መኖሪያ፣ ጋብቻና ጉዞ በየወሩ አስገቡ።
3. ከ30 ቀን የበለጠ ባዶ ጊዜ ካለ ምን ላይ እንደነበራችሁ ጻፉ። ሥራ ፈት መሆን ነውር የለውም።
4. ዲቪ ስትሞሉ ወይም ስደት ላይ ሳላችሁ የልደት ቀናችሁ ተሳስቶ ከገባ፣ አሁን በሕጋዊ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን ተጠቀሙና ስህተቱ እንዴት እንደመጣ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

ደረጃ 5፦ የግል ታሪክ ቅጹን ሙሉ

ከሃያ ገጽ በላይ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሌሊት አትጨርሱት። እያንዳንዱን ጥያቄ ቃል በቃል አንብቡ፦ «ተይዛችሁ ታውቃላችሁ?»፣ «ተከሳችሁ ታውቃላችሁ?» እና «ጥፋተኛ ተብላችሁ ታውቃላችሁ?» ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ሹፌሮችን የሚጥለው ሬክለስ ድራይቪንግ፣ ማለትም በግዴለሽነት መንዳት ነው። በቨርጂኒያ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም በማንኛውም መንገድ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ እንደ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይቆጠርም። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር የሚያስቀጣ አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር፣ ማለትም ወንጀል ነው። ከዓመታት በፊት ሀይዌይ 66 ላይ ተይዞ ገንዘብ ከፍሎ የረሳው ሰው፣ «በወንጀል ጥፋተኛ ተብለህ ታውቃለህ?» ሲባል «የለም» ብሎ ይጽፋል። የጣት አሻራው ውጤትና የመንጃ ታሪኩ ግን ሌላ ያሳያሉ። ጥፋቱ ብቻውን ምናልባት ባላስጣለው ነበር፤ «የለም» ማለቱ ይጥለዋል።

ጫትም አለ። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንደኛ ምድብ የተከለከለ ዕፅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ቅማችሁ ከሆነ፣ የት እንደነበረና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደነበረ ጻፉ። አሜሪካ ከገባችሁ በኋላ ከሆነም ጻፉ፤ «ይሄ እኮ ዕፅ አይደለም» ብሎ መዝለል እንደ ውሸት ይያዛል። ማሪዋናም እንዲሁ ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለአዋቂዎች ብትፈቅድም፣ በፌዴራል ሕግ የሚጠቀም ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም።

ገንዘብ ላይ፦ ዕቁብ መጣል ሕጋዊ ነው። ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሪፖርቱ ራሱ ችግር የለውም። የደረሳችሁን ዕቁብ ሪፖርቱን ለመሸሽ ብላችሁ በ9,000 በ9,000 ከፋፍላችሁ ብታስገቡ ግን ገንዘቡ ንጹሕ ሆኖም ሳለ ከፋፍሎ ማስገባቱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። በአንድ ጊዜ አስገቡት፣ የአባላቱን ዝርዝርም ያዙ። የኡበርና የቲፕ ገቢ ያላሳወቃችሁበት ዓመት ካለ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የታክስ ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ አስተካክሉ።

ለምን ይህን ያህል ስለ እውነት እንደምንደጋግም ይግባችሁ። ከ1963 ጀምሮ ብሬዲ፣ ከ1972 ጀምሮ ጂግሊዮ በሚባሉት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች መሠረት፣ ዐቃቤ ሕግ ምስክሩ ዋሽቶ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ለተከሳሹ ጠበቃ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ዴፒዩቲ ፍርድ ቤት ቆሞ ይመሰክራል። ሲቀጠር ዋሽቶ የተገኘ ሰው ምስክርነቱ ዋጋ ስለማይኖረው፣ ቢሮው ቢወደውም ሊጠቀምበት አይችልም።

ደረጃ 6፦ ሰውነታችሁን በ12 ሳምንት አዘጋጁ

ፈተናው እንደ ቢሮው ይለያያል፤ 1.5 ማይል፣ ማለትም 2.4 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ፑሽአፕና ሲትአፕ ግን ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ደቂቃና ቁጥር ጻፉና ከዚያ 10 በመቶ የተሻለ ውጤት ዒላማ አድርጉ፤ በፈተናው ቀን ጭንቀት ጉልበት ይወስዳል።

ሩጫውን በሳምንት ሦስት ቀን አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት 20 ደቂቃ እየተራመዳችሁና እየሮጣችሁ፣ ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ አንዱን ቀን 400 ሜትር በፍጥነት ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ በ8ኛው ሳምንት ሙሉውን ርቀት ሳታቆሙ። ርቀቱን በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ የጨመረ ሰው ቅልጥሙን ይታመምና ሁለት ሳምንት ይተኛል። ፑሽአፕ ስንት እንደምትችሉ ቁጠሩ፤ የዚያን ግማሽ በአምስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሥሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ቁጠሩ።

የፈተናው ቀን ሁዳዴ ወይም ረመዳን ውስጥ ከዋለ ቀኑ እንዲቀየር ቀድማችሁ ጠይቁ። ውሃ ሳይጠጡ መሮጥ ራስ ያዞራል፣ መሃል ላይ የወደቀም እንደወደቀ ይመዘገባል።

ደረጃ 7፦ የጽሑፍ ፈተናና ኢንተርቪው

የጽሑፍ ፈተናው አንብቦ መረዳትና ሪፖርት መጻፍ ነው። በየቀኑ አንድ ያያችሁትን ነገር በአምስት ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ፦ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አደረገ፣ እናንተስ ምን አደረጋችሁ። ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር መጻፍ እንዳትረሱ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዘጠኝ ነው።

ኢንተርቪው ላይ አስተዳደጋችን ይጎዳናል። በትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋትና ድምፅ ዝቅ ማድረግ እኛ ዘንድ አክብሮት ነው፤ ጠያቂዎቹ ግን የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ዓይናቸውን እያያችሁ፣ «እኛ ሠራን» ሳይሆን «እኔ ይህን ሠራሁ» እያላችሁ መልሱ። የሚመጣው ጥያቄ እንዲህ ዓይነት ነው፦ «በር ላይ ቆመህ የቤተ ክርስቲያንህ ሰው ቢመጣና ሳልፈተሽ አሳልፈኝ ቢልህ?» መልሱ፦ እንደማንኛውም ሰው ይፈተሻል፣ እንቢ ካለ አይገባም፣ ሱፐርቫይዘሬን እጠራለሁ። ስለ ይሉኝታ አታብራሩ።

ደረጃ 8፦ ፖሊግራፍ፣ ሥነ ልቦናና ሐኪም

ፖሊግራፍ በሚባለው የውሸት መመርመሪያ ላይ የሚወድቁት አብዛኞቹ ቅጹ ላይ ያልጻፉትን ነገር እዚያ ወንበር ላይ የሚናገሩ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት የቅጹን ቅጂ አንብቡ፤ የረሳችሁት ካለ ቀድማችሁ ለመርማሪው ደውሉ። ማረጋጊያ ኪኒን አትውሰዱ።

የሥነ ልቦናው ፈተና ከ300 በላይ «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚባሉ ጥያቄዎች አሉት። «ተቆጥቼ አላውቅም» የሚለውን እውነት ብላችሁ የምታልፉ ከሆነ ፈተናው ራሱ ይይዛችኋል፤ ራስን ፍጹም አድርጎ ማቅረብን የሚለካ ክፍል አለው። የሐኪሙ ምርመራ የሚመጣው ሁኔታዊ የቅጥር ደብዳቤ ከተሰጣችሁ በኋላ ነው። ያ ደብዳቤ የመጨረሻ ስላልሆነ፣ እሱን ይዛችሁ ከሥራችሁ አትልቀቁ።

ደረጃ 9፦ አካዳሚ

ፌርፋክስ የራሱ አካዳሚ አለው፤ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ሠልጣኞቻቸውን አሽበርን ወዳለው የአካባቢው የጋራ አካዳሚ ይልካሉ። ደመወዝ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ። የተኩስ ማለፊያው 70 በመቶ ሲሆን በየዓመቱ ይደገማል። መሣሪያ ነክታችሁ የማታውቁ አትጨነቁ፤ ያልለመደ እጅ የተበላሸ ልማድ ከያዘ እጅ ይልቅ ቶሎ ይማራል። ሰው በብዛት የሚቸገረው በሕግ ትምህርቱ ነው፤ ቃላቱን በየማታው በካርድ ላይ እየጻፋችሁ አጥኑ።

ደረጃ 10፦ ሥራው ላይ

አዲስ ዴፒዩቲ ብዙ ጊዜ እስር ቤት ይመደባል፤ ፍርድ ቤት ቆይቶ ይመጣል። ስትመጡ ሦስት ቦታ ትሠራላችሁ።

በሩ ላይ፦ ኪስ ባዶ ይሆናል፣ ቦርሳ በኤክስሬይ ያልፋል፣ ሰው በብረት መፈተሻው በር ያልፋል። ድምፅ ካሰማ በእጅ መፈተሻ ይታያል። ምንነቱን ያላወቃችሁት ነገር ካያችሁ የኤክስሬዩን ተንቀሳቃሽ ቀበቶ አቁማችሁ ቦርሳውን ክፈቱ፤ ሰልፉ ረዘመ ብላችሁ አታሳልፉ።

ችሎት ውስጥ፦ ዳኛው አንድ ሰው እንዲታሰር ሲያዙ ከጎን ቀርባችሁ በዝቅተኛ ድምፅ «እጅህን ወደ ኋላ» በሉ። ካቴናውን ካሰራችሁ በኋላ በእጅ አንጓውና በብረቱ መካከል የጣታችሁ ጫፍ መግባቱን አረጋግጡና ሁለተኛውን ቁልፍ ቆልፉ። ሁለተኛው ቁልፍ ካልተቆለፈ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ካቴናው እየጠበቀ ነርቭ ይጎዳል። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፈትሹት። ጁሪ ባለበት ችሎት ተከሳሽ በካቴና እንዳይታይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ያለ በቂ ምክንያት መታየቱ ፍርዱን ሊያስገለብጥ ይችላል።

ማቆያ ክፍል፦ መሣሪያችሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋችሁ ግቡ። እስረኛ ባለበት ክፍል ሽጉጥ ወገብ ላይ ከሆነ ሊነጠቅ ይችላል።

አማርኛ መቻላችሁ በር ላይ የጨነቃት እናት ስትመጣ ትልቅ ነገር ነው፦ «እማማ፣ ቦርሳዎን እዚህ ያስቀምጡልኝ፤ ችሎቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው» ብላችሁ ታረጋጓታላችሁ። ችሎት ውስጥ ግን አታስተርጉሙ። የታሰረ ወገን «ወንድሜ፣ ዳኛው ምን አሉ? ጥፋተኛ ነኝ ልበል?» ቢላችሁ መልሱ «ጠበቃህን ጠይቅ፣ አስተርጓሚ ይመጣልሃል» ነው። ያስተረጎማችሁት አንድ ቃል ቢሳሳት ጉዳዩን ያበላሻል፤ እናንተንም ምስክር ያደርጋችኋል። ከቤተሰቡ ወደ እሱ ወረቀትም፣ ስልክም፣ ክርም ሆነ መስቀል አታቀብሉ።

ካልተሳካ

በትህትና ምክንያቱን ጠይቁና እንደገና መቼ ማመልከት እንደምትችሉ በጽሑፍ ያዙ። የላካችሁትን ቅጽ ሙሉ ቅጂ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ቢሮ ከዚህ በፊት የት እንዳመለከታችሁ ይጠይቃል፣ የድሮውንም ፋይል አስመጥቶ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ያነባል፤ ስለዚህ አዲሱን ቅጽ ስትሞሉ አሮጌው ፊታችሁ ይሁን።